ሁለት ሳንቲሜትር

ኬሚ ወደብ፣ ሚያዝያ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ፤
ባሕሩ ግማሽ ውኃ፣ ግማሹ በረድ።
ከመርከቡ ማማ ላይ ቆሜያለሁ፣ ተለማማጅ፣
እርሳሴ ከጆሮ፣ ደብተሬ ከእጅ።

ከሥሬ ጥቅል ወረቀት ታጭቋል እስካፉ፣
ምንም ያልሠፈረበት፣ ገና ነው መጻፉ።
ከነብረት ከነነዳጁ ሲመዘን መርከቡ
ሃያ አምስት ሺህ ቶን ነው፣ ይላል መዝገቡ።

ሁለት ገመድ ተስቧል ካፍንጫው ፊት ለፊት፤
ያንዱ ጫፍ ካባቴ ጀልባ፣ የሌላው ከእናቴ ናት።
ኡርሆ ወደ ምዕራብ፣ ቱሊኪ ወደ ደቡብ፤
ሁለት ጎታች ጀልባ፣ ሁለት ግትር ልብ።

ከተፋቱ አሥራ ስድስት ዓመት። ደጅ አይረጋገጡም፤
በሬዲዮ ካልሆነ ቃል አይለዋወጡም።
እሱም ቃል ከተባለ፦
«ገመድ ተወጠረ?»
«ተወጥሯል።»
«ሞተር ጨምሪ።»
«ጨምሬያለሁ።»
ከትዳሩ የተረፈች ይህችው ናት።

ሽማግሌው መሪ ታይስቶ ሲጋራውን ካፉ ሳይነቅል
«ሳይነቃነቅ ንገሪኝ» አለ፣ «ወዴት? በምን ያህል?»

ቀስት ሣልኩ ወደ ምዕራብ፤ አራት መቶ ኪሎ ኒውተን፣ ያባቴ ጉልበት፤
ከጫፉ ጀምሬ ወደ ደቡብ፤ ሦስት መቶ፣ ይህ የእናቴ ነው እንግዲህ፣ ሞተሯ አርጅቶባት።
ሰባት መቶ ብዬ ልጽፍ ቃጥቶኝ ነበር።
አቅጣጫ ያለው ነገር ግን እንደ ድንች
ባንድ ጆንያ አይታጨቅም።
አራትን በራሱ፣ ሦስትን በራሱ አባዝቼ፣
ደምሬ ሥሩን ብነቅለው፣
አምስት መቶ።
ሁለት መቶው የት ገባ አትበሉኝ፤ ማእዘኑ በላው።

ቀጥሎ ጉልበቱን ለግዝፈቱ ማካፈል፦
አምስት መቶ ሺህ ለሃያ አምስት ሚሊዮን ኪሎ፤
ዜሮ በዜሮ እያጣፋሁ ወረድኩ፣
ሁለት መቶኛ ሜትር፣ በሰከንድ፣ በሰከንድ።
ሁለት ሳንቲሜትር! ያውራ ጣቴ ወርድ።

መጽሐፉ ሽምጠጣ ይለዋል፣ ፈረስ ያለ ይመስል፣
ጋማው የተበተነ፣ አቧራ የሚያስነሣ።
እዚህ የሚሸመጥጥ የለም። ገመዱ ብቻ ያቃስታል።
«ውኃውስ ወደ ኋላ አይዘውም?» አለ ታይስቶ።
«እሱን ለጊዜው ትቼዋለሁ።»
«ሁሉም ሰው የሚተወው እሱን ነው» ብሎ ጢሱን አወጣ።

መጀመሪያ የሄደው ወደቡ ነው የመሰለኝ።
የመብራት ምሰሶው ከመስኮቱ ጠርዝ ጣት ያህል ፈቀቅ አለ፣
ከዚያ ሁለት ጣት፣ ከዚያ መዳፍ።
በደቂቃ ሠላሳ ስድስት ሜትር ይላል ደብተሬ፤
በዓይኔ ግን ሃያም አልሞላ።
የተውኩት ውኃ እየተመለሰብኝ ነበር።

ወዳባቴ አልሄደም። ወደ እናቴም አልሄደም።
ከምዕራብ ወደ ደቡብ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ዘንበል ብሎ፣
ማንም ባልጎተተው መስመር ላይ፣
በረዶውን እየሰባበረ ወጣ።

እሱ ጀልባዬን ውረሺ ይል ነበር፣
እሷ ኦሉ ሄደሽ ሐኪም ሁኚ።
ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ሻንጣዬ
ዓርብ ማታ ባንድ ደጅ፣ እሑድ ማታ በሌላው።
ያኔ ማእዘን የሚለካ መሣሪያ አልነበረኝም፤
ቀበቶውን ብቻ አጥብቄ እይዝ ነበር።

«ልቀቁ» አለ ታይስቶ በሬዲዮ።
ሁለቱም ገመዶች ላሉ፣ ውኃ ላይ ተኙ።
ጉልበት ዜሮ። ሽምጠጣም ዜሮ።
መርከቡ ግን ይሄዳል፣ ያችኑ ፍጥነት ይዞ፣
ውኃው ቀስ እያለ እየቀነሰለት።

ከሬዲዮው ጩኸት መሐል የእናቴ ድምፅ መጣ፦
«ልጅቷ ቁርስ በልታለች?»
ዝም። ደግሞ ዝም።
«አላውቅም» አለ አባቴ። «ጠይቂያት።»

እርሳሴን ካነሣሁበት መልሼ አስቀመጥኩት።
ይህን የምስልበት ቀስት አላገኘሁም።